ማርቲን ቫገንሻይንና ያልተቸኮለው የፊዚክስ ትምህርት

አንድ ብርጭቆ በባልዲ ውኃ ውስጥ ጠልቆ ይሞላ። ከዚያም አፉን ወደ ታች ገልብጠን፣ ጠርዙ ከውኃው ሳይወጣ፣ ቀስ አድርገን ወደ ላይ እናንሣው። በብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ባልዲው አይወርድም፤ አብሮ ይነሣል። ለምን? ብዙ ተማሪ «በአየር ግፊት ምክንያት» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ትክክል ነው፤ መልስ ሰጪው ግን ነገሩን ተረድቶታል ማለት አይደለም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ማስተማር ሥነ ዘዴ ሊቅ ማርቲን ቫገንሻይን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው።

ቫገንሻይን እ.ኤ.አ. በ1896 በጊሰን ከተማ ተወለዱ። ፊዚክስና ሒሳብ አጥንተው የዶክትሬት ዲግሪ ካገኙ በኋላ በ1924 ፓውል ጌሄብ በመሠረቱት የኦደንቫልድ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። በዚያ ተማሪዎች በየደወሉ ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው አይዘሉም ነበር፤ ጥቂት ትምህርቶችን መርጠው ለሳምንታት ይቆዩባቸዋል። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ጌሄብ ወደ ስዊዘርላንድ ሲሄዱ፣ ቫገንሻይን በዳርምሽታት ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። በ1956 የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የክብር ፕሮፌሰርነት ሰጣቸው። ፕሮፌሰር ከመሆናቸው በፊት ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠመኔ የያዙ ሰው መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል።

ዘዴያቸው በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፤ ከመነሻው፣ በሶቅራጥሳዊ ውይይት፣ በአብነት። ቃላቱ ከባድ ቢመስሉም አሠራራቸው በብርጭቆው ላይ በግልጽ ይታያል። መምህሩ ክሥተቱን ያሳያል፤ ከዚያም ዝም ይላል። አንዱ ተማሪ «ብርጭቆው ውኃውን ስቦት ነው» ይላል። አይታረምም። ሌላው «ብርጭቆው አሥር ሜትር ቢረዝምስ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን የፓምፕ ሠራተኞች ውኃ በመሳብ ከ10 ሜትር ገደማ በላይ እንደማይወጣ ተገንዝበው ነበር። በ1640ዎቹ ቶሪቼሊ ከውኃ 13.6 ጊዜ በሚከብደው በሜርኩሪ ሲሞክረው ዐምዱ 76 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆመ። ታዲያ ሳቢ ኃይል ቢኖር ኖሮ እዚያ ላይ ለምን ይደክማል? ውኃውን የሚደግፈው ከላይ ያለ ሳቢ ሳይሆን በባልዲው ውኃ ላይ የተጫነው አየር ነው፤ የሚሸከመውም የራሱን ግፊት ያህል ብቻ ነው። አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ የውኃው ዐምድ 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚህ የደረሰ ተማሪ «የአየር ግፊት» የሚለውን ቃል ዘግይቶ ቢሰማውም የራሱ ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ ያስፈልጋል። ከትምህርት ቤቶችና ከዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ምሁራን፣ ቫገንሻይንን ጨምሮ፣ በ1951 በቱቢንገን ተሰብስበው የመማሪያው ይዘት መብዛት የተማሪውን አእምሮ እያፈነ ነው ሲሉ አስጠነቀቁ። ቫገንሻይን ጥቂት ርእሶች ተመርጠው በጥልቀት ይጠኑ የሚለውን አሳባቸውን በ1962 ስለ ፊዚክስ ትምህርታዊ ገጽታ በጻፉት፣ በ1968 ደግሞ «መረዳትን ማስተማር» በተሰኘው መጽሐፋቸው አስፋፍተዋል።

ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። ፊዚክስ መሰላል ነው፤ እርከን የዘለለ ይወድቃል፤ ፈተናም ሁሉንም እርከን ይጠይቃል። ይህ ሙግት ዛሬም ክብደት አለው፤ በአንድ ብርጭቆ ላይ ሁለት ሳምንት የቆየ ክፍል የኤሌክትሪክን ምዕራፍ ሳይጨርስ ሊቀር ይችላል። ቫገንሻይን ግን በጥልቀት በሚጠኑት ርእሶች መካከል ያለው ክፍተት በአጭር ገለጻ ሊሞላ እንደሚችል ያምኑ ነበር። ይህንኑ እያስተማሩና እየጻፉ ቆይተው በ1988 በ91 ዓመታቸው ዐረፉ።