መኪናችሁ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደም ግፊት ሳይሆን ስለ መኪና ጎማ ቱቦ ነው። ሐኪም ምን አገባው እንዳትሉኝ፣ ትንሽ ታገሱኝ።

አሮጌዋ ኮሮላዬ ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር ውስጧ ይሸት ነበር። ሐዋሳ ላይ ወረፋ ጠብቆ የደረሰው ሰው እስከ አፉ ነው የሚያስሞላው፤ እኔም እንደዛው። ቤት ስደርስ ራሴን ያመኛል። የተረኝነት ድካም ነው ብዬ ሁለት ወር ፓራሲታሞል ዋጥኩ። ታካሚ ቢሆን ኖሮ እኮ መጀመሪያ የምጠይቀው "ምን ስትተነፍስ ዋልክ?" ብዬ ነበር።

መካኒኩ የኋላ ጎማው አካባቢ ያለውን ሽፋን ፈቶ አሳየኝ። ነዳጅ የሚቀዳበትን አፍ ከሳልባትዮው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ቱቦ ተሰነጣጥቋል። አጠገቡ ያለችው ቀጭኗ የአየር ቱቦም እንዲሁ። ጎማ በዕድሜና በሙቀት ይደርቃል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች በ2016 ዓ.ም. እንዳይገቡ ስለተከለከሉ ደግሞ አሮጌዎቹ ገና ብዙ ያገለግሉናል። ሽታው ልክ እንደሞላችሁ የሚብስ፣ ነዳጁ ሲጎድል የሚቀንስ ከሆነ መጀመሪያ ይሄን ቱቦ አስፈትሹ።

ትነቱ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ነዳጁ ውስጥ ያለው "ቤንዝን" የሚባል ኬሚካል ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ የደም ካንሰር ያስከትላል። እሳቱን አልጨምርላችሁም፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ያለ ክብሪት ጋ ይደርሳል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ሳልባትዮው ሙሉ ስለነበር መቀነስ ነበረበት። ረዳቱ ልጅ ላስቲክ ቱቦ ከትቶ ሌላኛውን ጫፍ ወደ አፉ!

"ኧረ ተው ወንድሜ!"

"ዶክተር፣ ለምደነዋል እኮ" አለኝ እየሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ባለፈው ዓመት ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ እንደሱ ያለ ወጣት አምጥተውልኝ ነበር። አንድ ጉንጭ ነው የዋጠው። ጓደኞቹ ወተት አጠጥተው በጣት አስመለሱት፤ በደግነት ነው፣ ግን የጎዳው እሱ ነው። ቤንዚን ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነ ጥቂት ጠብታ እንኳን ወደ ሳንባ ከገባ በፍጥነት ይሰራጫል፣ ሳንባውን ያቆስላል። ማስመለስ ማለት በጉሮሮው በኩል ሁለተኛ ዕድል መስጠት ነው። አምስት ቀን በኦክስጅን ተኛ።

ስለዚህ ቤንዚን ለዋጠ ሰው ወተት አትስጡ፣ አታስመልሱት። የነካውን ልብስ አውልቁለት፣ ቆዳውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ። ካሳለው፣ ካነቀው ወይም ትንፋሽ ካጠረው በፍጥነት ወደ ሆስፒታል። ደህና ቢመስልም መታየት አለበት፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ቱቦውን ለማስቀየር ሳልባትዮው ባዶ ሊሆን ሲል ሂዱ፣ ያኔ የሚቀዳም ነገር አይኖርም። ሥራው ደጅ ላይ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የባትሪው ገመድ ተነቅሎ ይሁን። ለእኔ መጀመሪያ የቀረበልኝ የውሃ ቱቦ ነበር፤ ተራ ጎማ ቤንዚን ስለሚበላው እምቢ አልኩ። ለነዳጅ የተሠራውን፣ ቀጭኗንም ጨምሮ፣ ከአዲስ ማሰሪያ ጋር አስገባሁ።

ራስ ምታቱ በዛው ሳምንት ለቀቀኝ። ለልጁ የእጅ ፓምፕ ገዝቼ ሰጠሁት፤ ባለፈው ሳልፍ ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ነገ እንደገና እሄዳለሁ።