ዝሆኔ፣ ውዱእ እና ከሶፍ የሚቀሩ ወንድሞቻችን



መስጂድ በር ላይ ጫማ ይወልቃል። ለብዙዎቻችን ይህ ምንም አይደለም፤ እግሩ ላበጠ ሰው ግን ከባድ ፈተና ነው። ሸፍኖት የኖረው ሁሉ ይታይበታል። በዚህ ኀፍረት ከጁሙዓ እንኳ የሚቀር አለ።

በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በትንኝ ንክሻ በሚተላለፍ ትል ይመጣል። በአገራችን ደጋማ ስፍራዎች የሚበዛውና ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ሌላው ግን ትልም ተሐዋሲም የለበትም። ሰው በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲሄድ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ደቃቅ ብናኝ በቆዳው ዘልቆ ይገባል፤ የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎችም ይጎዳል። መጀመሪያ እግር ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ኋላም ያብጣል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን እንዳሉ ገምቷል።

በሽታው አይጋባም። አብሮ መብላትም ሆነ በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ መቆም አያስተላልፈውም። በአንዳንድ ቤተሰብ መደጋገሙ እውነት ነው፤ ለአፈሩ በቀላሉ የመጎዳት ባሕርይ ይወረሳልና። ሆኖም ከልጅነቱ ጫማ የለመደ ይጠበቃል። «በዘራቸው አለ» ብሎ ኒካሕ ማፍረስ፣ ወይም የጂን ሥራ ነው እያሉ ሕመምተኛውን ከሐኪም ማራቅ ግልጽ በደል ነው።

ሕክምናው እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ፋሻ ማሰርና ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ ይህን ያደረጉት ትኩሳትና ሕመም የሚያስከትለው ግርሻ እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። በውዱእ የጣቶችን መካከል ማጠብ ሱና መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ውዱእ ብቻውን ሕክምና አይሆንም፤ ሳሙና የለበትም፣ እርጥበቱም በጣቶች መካከል ይቀራል። አንዳንድ አባቶች የውዱእን ውሃ ማበስ ይከብዳቸዋል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ግን ፈቅደውታል፤ ለታማሚው ደግሞ የግድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 በሽታውን ችላ ከተባሉት መዝገብ አስገባው፤ አገራችንም በ2013 በብሔራዊ ዕቅዷ አካተተችው። በ2022 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ድርጅቱ እንደ ሥጋ ደዌ፣ ቁንጭርና እከክ ያሉ የቆዳ በሽታዎች በተናጠል ሳይሆን በአንድነት እንዲታዩ መመሪያ አወጣ። መልካም ነው። ይሁንና ለትሉ በሽታ ኩባንያዎች የሚለግሱት ክኒን አለ፤ ፖዶኮኒዮሲስ ግን የሚለገስ ክኒን የለውም። የሚያስፈልገው ሳሙና፣ ፋሻና ጫማ ነው፤ ለዚህ የሚከፍል ደግሞ እምብዛም አይገኝም። ድኻው ሕመምተኛ ከዘካ ባለ መብቶች አንዱ መሆኑን የመስጂድ ኮሚቴዎች ያስቡበት።

ቁስሉን ውሃ እንደሚጎዳው ሐኪም የነገረው ሰው በፋሻው ላይ በእርጥብ እጁ ያብሳል። ተየሙም ይጨምር ወይስ አይጨምር በሚለው መዝሀቦች ይለያያሉ፤ በአካባቢያችሁ ያለውን ዓሊም ጠይቁ።