ለጎረምሳው ልጃችን ልብስ ከየት እንግዛለት?



ለሕፃን ልብስ መግዛት ቀላል ነው። እናት በዐይኗ ለክታ፣ ትንሽ አስፍታ ትገዛለታለች፤ እሱም ደስ ብሎት ይለብሳል። ልጁ 13 ዓመት ሲሞላው ግን ነገሩ ይለወጣል። እናቱ የገዛችለትን አጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከተዋል፤ አባቱ የመረጠለትን «የሽማግሌ ነው» ይላል፤ ብሩን ለብቻው ቢሰጡት ደግሞ ጉልበቱ ላይ የተቀዳደደ ጂንስ ይዞ ይመጣል። ዒድ በቀረበ ቁጥር በብዙ ቤቶች የሚሰማው ጭቅጭቅ ይኸው ነው።

«ይህም ጉዳይ ሆኖ ይጻፍበታል?» የሚል ሰው አይጠፋም። አንዲት እናት ያጫወቱንን እንንገራችሁ። የ14 ዓመት ልጃቸው በዒድ ማለዳ «ኡሚ፣ ሆዴን አሞኛል» ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛ። አባቱና ታናናሾቹ ተክቢራ እያሉ ወደ ሶላት ሲሄዱ እሱ ከቤት ቀረ። እናትዬው በሳምንቱ ልብስ ሲያጥቡ ሱሪውን ቢለኩት፣ ዓምና በልኩ የተገዛው ሱሪ አራት ጣት ያህል አጥሮበታል። ልጁ ቤቱ እጅ እንዳጠረው ስለሚያውቅ «ግዙልኝ» ማለትን አፈረ፤ በዚያ ሱሪ ከእኩዮቹ ጋር መሰለፍንም አፈረ። እንግዲህ አንድ ልጅ በሱሪ ምክንያት ከዒድ ሶላት የሚቀር ከሆነ ጉዳዩ ከጨርቅ በላይ ነው።

ለመሆኑ ሱሪው ለምን ቶሎ አጠረ? ወንድ ልጅ በ13 እና በ14 ዓመት አካባቢ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። አካሉ ደግሞ እኩል አያድግም። መጀመሪያ እግሩ መዳፍ ይሰፋል፣ ቀጥሎ ቅልጥሙ ይረዝማል፣ ደረቱና ትከሻው የሚሰፉት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሱሪው ከሸሚዙ ቀድሞ ያጥራል። ከዚህ ተነስተን የምንሰጠው ምክር፣ በዚህ ዕድሜ ብዙ ገንዘብ በሱሪ ላይ አታውጡ የሚል ነው። ደህናውን ገንዘብ ለሸሚዝና ለጃኬት አድርጉት፤ ሱሪውን በርካሽ ግዙና ከታች በኩል ወደ ውስጥ የሚታጠፍ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ያለውን ምረጡ። በፋብሪካ ጠርዙ የተቆረጠ ጠባብ ሱሪ ይህ ትርፍ የለውም፤ ሲያጥር አጠረ ነው።

ስለ ሸሪዓው ወሰን ብዙ አንልም፤ አንባቢዎቻችን ያውቁታልና። ለወንድ ሐርና ወርቅ አይፈቀድም። ከእምብርት እስከ ጉልበት ያለው አካል ይሸፈናል። ሱሪው ከቁርጭምጭሚት በታች አይጎተትም። (መቼም በዚህ በመጨረሻው ከልጆቻችን ጋር አንጣላም፤ የዘመኑ ፋሽን ራሱ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦታል። ሆኖም ተለክቶ ያጠረና ልጁ እያደገ ያጠረበት ሱሪ ለጎረምሳ ዐይን አንድ አይደሉም።) በደረቱ ላይ የውጭ ቋንቋ የተጻፈበትን ካናቴራ ከመግዛታችሁ በፊት ትርጉሙን አስነብቡ። የቢራ ስም ወይም ነውረኛ ስድብ በደረቱ ይዞ መስጊድ የሚገባ ልጅ፣ ምን እንደ ለበሰ ሳያውቅ የገባ ነው።

ሱቅ ውስጥ ግን ብዙዎቻችን የምንረሳው አንድ ፈተና አለ። ልጁ ቆሞ በመስታወት ራሱን ያያል፤ እናቱም «ማሻአላህ፣ ልክህ ነው» ትላለች፤ ይከፈላል። በቁሙ ልክ የሆነው ሱሪ ግን በሱጁድ ጊዜ ከኋላ ይወርዳል፣ አጭሩ ካናቴራም ወደ ላይ ይሸሻል፤ ከኋላው የቆመው ሰጋጅ ማየት የማይገባውን ያያል። ስለዚህ ልጁ ሱሪውንና የሚለብስበትን ካናቴራ አንድ ላይ ለብሶ እንደ ሩኩዕ ይጎንበስ፣ ቀጥሎም ቁጢጥ ይበል። ወገቡ ከታየ ወይም ጉልበቱ አልታጠፍ ካለ ያ ልብስ ይቅርበት። ይህን ፈተና የሚያልፍ ልብስ ለሶላት ብቻ ሳይሆን ለኳስም፣ ለትምህርት ቤት ወንበርም ይሆናል።

አሁን ወደ ገበያው እንውጣ። ለአዲስ አበባ ቤተሰብ መርካቶን የሚተካ የለም። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የተመሠረተ ነው፤ እስከ ዛሬም ልብስ በየተራው ተከፋፍሎ ይገኝበታል። ለጀለቢያ፣ ለኮፊያና ለሽቶ በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ ያሉት ሱቆችና መደብሮች ይበቃሉ። ለሱሪ፣ ለሸሚዝና ለጃኬት ሚሊተሪ ተራና ዱባይ ተራን ማየት ነው። በቀድሞ ደንበኛ የምትሄዱ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ደውሉ። በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ላይ በደረሰው ቃጠሎ ሱቃቸውን ያጡ ነጋዴዎች አሉ፤ በ2016 የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱም ብዙ ሱቆች ከቦታቸው ተነስተዋል። በሐረር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች በስፌት መኪና ድምፁ ስም የወጣለት መኪና ግርግር አለላችሁ፤ ድሬዳዋ ያላችሁ ቀፊራን ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባው አዲስ ልብስ ለመካከለኛ ቤተሰብ እንኳ ከብዷል። ስለዚህ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ሰልባጅ አዙሯል። ስለ ሰልባጅ እውነቱን እንናገር። ጨርቁ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ የጠነከረ ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ ማጠሩን ስለጨረሰ በቤት ውስጥ ሲታጠብ አያታልልም። በአንጻሩ ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ከቦንዳው ጀርባ ያለው መንገድ ንጹሕ አለመሆኑን ገዢው ማወቅ አለበት። አራት ልጅ የምታሳድግ ባልቴት ላይ ጣት የመቀሰር ሐሳብ የለንም። ወረዕን የመረጠና አቅሙ የፈቀደለት ግን ዝቅ ብለን የምናነሳውን ልብስ ሰፊ ያስብ።

ከሰልባጅም ሆነ ከአዲስ ልብስ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ማንበብ ብዙ ያድናል። 28፣ 30፣ 32 የሚሉት የወገብ ዙሪያ በኢንች ናቸው፤ አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 30 ማለት 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከአውሮፓ በመጣ የልጅ ልብስ ላይ 152፣ 158 ወይም 164 ተብሎ ቢጻፍ የልጁን ቁመት በሴንቲ ሜትር መናገሩ ነው። በቻይና ልብስ ላይ 165/88 የሚል ካያችሁ ቁመቱ 165፣ የደረቱ ዙሪያ 88 ለሆነ ሰው ተሰፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ ከቤት ስትወጡ የልጁን ቁመት፣ ወገብና ደረት ለክታችሁ በወረቀት ያዙ። ክርም ፈትኑ፤ ከስፌቱ ጫፍ የተነጨ ክር ሲቃጠል ወረቀት ወረቀት ሸትቶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፣ ቀልጦ ጠንካራ ጉጥ ከሠራ ፖሊስተር ነው። ጎረምሳ ላቡ ብዙ ነው፤ ሙሉ ፖሊስተር ሸሚዝ ለብሶ በጁሙዓ ሰፍ መካከል ሲቆም አጠገቡ ያለው ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ልጁን ይዛችሁት ሂዱ። ይህን የምንለው ምርጫው እንዲሰምርለት ብቻ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ ላይ የቲሞች ለአቅመ ጋብቻ እስኪደርሱ እንዲፈተኑ፣ ብስለት ከታየባቸውም ገንዘባቸው እንዲሰጣቸው አዟል። ታዲያ ፈተናው ምንድን ነው? በ676 ዓ.ሂ. ወደ አኼራ የሄዱት ኢማም አን-ነወዊ (ረሒመሁላህ) በአገራችን ደረሳዎች ዘንድ በሚቀራው «ሚንሃጅ» ላይ ጉዳዩን በዝርዝር አስቀምጠውታል። የነጋዴ ልጅ በመሸጥ በመግዛትና በዋጋ ክርክር ይፈተናል፤ ዋጋ ተከራክሮ ሲጨርስና ውሉ ሊታሰር ሲል ግን ውሉን የሚያስረው ወሊዩ ነው። ይህን ሥርዓት ወደ መርካቶ መውሰድ እንችላለን። የተመደበውን ብር ለልጁ ንገሩት፤ «ይህን ያህል አለን፤ ሱሪ፣ ሸሚዝና የውስጥ ልብስ ይውጣበት» በሉት። እሱ ይምረጥ፣ እሱ ይከራከር፤ አባት ዝም ብሎ ይቁም፤ መጨረሻ ላይ ተስማምቶ የሚከፍለው አባት ይሁን። ጨርቁ የተቀደደውን ጂንስ ዋጋ ሲሰማና ለሸሚዝ የሚተርፍ እንደሌለ በራሱ አፍ ሲያሰላ፣ በቤት ውስጥ ለሦስት ቀን የተደረገው ክርክር በሦስት ደቂቃ ያልቃል። አባት በሸሪዓው ወሰን ላይ «አይሆንም» ይበል፤ በቀለሙ ላይ ግን ዝም ይበል። ወንድሞች፣ ቡኒ ሱሪ ግዴታ አይደለም!

ልጁ በዚህ ጊዜ የገበያን ፊቅህ በዐይኑ ያያል። ሳይገዛ ዋጋ እየጨመረ ገዢውን የሚያስጎመጅ የሻጭ ወዳጅ በየተራው አለ፤ ይህ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት ነጀሽ ነው። «ወላሂ በዋናው ነው የምሰጥህ» እያለ በመሐላ የሚሸጠውን ይሰማል፤ አባትየው ቤት ሲመለሱ ስለ መሐላው ይንገረው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ መሠረት ሻጭና ገዢ ከተገበያዩበት ቦታ እስካልተለያዩ ውሉን የማፍረስ መብት አላቸው። ስለዚህ ከፍላችሁ ከሱቁ ሳትወጡ ልብሱን ገልብጡት፣ ዚፑን ከፍታችሁ ዝጉት፣ ብብቱንና የሱሪውን መቀመጫ በብርሃን እዩት። ሻጩ የደበቀው ነውር ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ከተገኘም የመመለስ መብት አላችሁ፤ «የተሸጠ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ይህን መብት አይሽረውም። ልጁም ዞሮ «ጋሼ፣ ይህ ቀዳዳ ሲገዛም ነበረ» ለማለት ይልመድ፤ በአደብ ከሆነ ነውር የለበትም።

ልብስ ሰፊው ተረስቷል። በየሰፈሩ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ የተቀመጠው ሰው ዛሬ የሚያገኘው ሥራ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ሆኗል። ይሁንና ለሚያድግ ልጅ የሚያዋጣው እሱ ነው። ስፋቱ 1 ሜትር ተኩል ከሆነ ጨርቅ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ለአንድ ጎረምሳ ሱሪ ይበቃል። ጨርቁን ከመቆረጡ በፊት አጥባችሁ አድርቁት። ሰፊውን «አባባ፣ ከታች 6 ሴንቲ፣ ከወገቡ ኋላ 3 ሴንቲ ይተዉልኝ» በሉት። ይህ ሱሪ በስድስት ወሩ ይተረተራል፣ ይረዝማል፣ ወገቡም ይሰፋል። ጀለቢያም እንዲሁ ነው። የአባቱን ሰፊ ሱሪ ወይም ጠንካራ የሰልባጅ ካኪ አስጠብቦ ማስለበስም ይቻላል፤ ልጁ መጀመሪያ ያኮርፋል፤ ሰፊው እግሩን እንደ ዘመኑ ሲያጠብለት ግን ኩርፊያው ይለቀዋል። ሰፊውን ራሱ ልጁ ያነጋግረው፣ ሞዴሉን በስልኩ ያሳየው። ቀብድ ስትሰጡ የሚረከቡበት ቀን በወረቀት ይጻፍ።

ጊዜው ደግሞ ሻዕባን ይሁን። በረመዳን የመጨረሻ አሥር ቀናት ሰፊው ከአቅሙ በላይ ተቀብሎ «ነገ ና» ይላል፤ ነጋዴው ዋጋ ይጨምራል፤ ለይለተል ቀድርን የምንጠባበቅባቸው ሌሊቶችም በሚሊተሪ ተራ ግፊያ ያልቃሉ። ለዒድ ማማር የተወደደ ነገር ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ገበያ ላይ ያዩትን የሐር ካባ ለዒድና ለእንግዳ መቀበያ እንዲገዙት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማቅረባቸውን ቡኻሪ ዘግቦታል፤ ነቢዩም ያልተቀበሉት ሐር በመሆኑ እንጂ ለዒድ ማማር ስለተጠላ አይደለም። ያለንን ምርጥ መልበስ ይበቃል፤ ታጥቦ የተተኮሰ ያምናው ሸሚዝ ለዒድ ልብስ ነው።

ያጠረበት ልብስስ? ታናሽ ወንድም ካለው ወደ እሱ ይተላለፋል። ከሌለው ደግሞ ቁልፉ ሳይረግፍ፣ ታጥቦና ተተኩሶ ለጎረቤት ልጅ ይሰጥ። በዚህም ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ተቀባዩ ልጅ በዚያው መድረሳ የሚቀራ ከሆነ «የእኔ ሸሚዝ ነው» የሚል ቃል ከልጃችሁ አፍ እንዳይወጣ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ለብቻው አነጋግሩት።