ኳስ ዐዋቂው ግን አስቸጋሪው ተጫዋች፤ ቡድኑ ይቀበለውን?



በዚህ ሳምንት በሬዲዮ ያሰማሁትንና አሁን በዚህ ዓምድ የሚያነቡትን ንግግር ያነሣሣኝ ከአንድ ወዳጄ የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ወዳጄ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ከሚገኙት ወረዳዎች በአንደኛው የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን፥ ከመደበኛ ሥራው በተጨማሪ የወጣቶች እግር ኳስ ቡድን ኮሚቴ ጸሓፊ ነው። የወረዳውን ስም እንዳልገልጽ ለምኖኛልና ከጋይንት፥ ከስማዳ ወይም ከእስቴ አንዱ ነው ብዬ ልለፈው። ጥያቄውም የሚከተለው ነው። በአካባቢያቸው ግራ እግሩ የሚደነቅለት አንድ ወጣት አለ፤ በተከላካዮች መካከል ሾልኮ ግብ ማግባት ለርሱ ውሃ እንደ መጠጣት ነው። ነገር ግን ይኸው ወጣት ዳኛ ይሳደባል፥ ከጓደኞቹ ጋር ይጣላል፥ ወደ ልምምድ ሲሻው ይመጣል፥ ሲሻው ይቀራል፤ ዐምና ከነበረበት ቡድንም በጠብ ወጥቷል። አሁን «ተቀበሉኝ» ብሎ መጥቷል። ኮሚቴውም ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል።

«አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» ሲል ጠይቆኛል። በሁለት መስመር ልመልስለት ብዕሬን ባነሣ አልሆነልኝም። ነገሩ ከጨዋታ ያለፈ ሆኖ አገኘሁት፤ በየመሥሪያ ቤታችንም ቢሆን ሥራ ዐዋቂ ግን አስቸጋሪ የሆነ ባልደረባ ያልገጠመው ሰው ማን ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ አገሩን በዐይነ ኅሊናዎ ይመልከቱልኝ። ነፋስ መውጫ ስሟ እንደሚናገረው ነፋስ የማይለያት፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አርብ ገበያ፥ ወገዳና መካነ ኢየሱስም የየወረዳቸው ከተሞች ናቸው። በእንደዚህ ያለ ከተማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ ሲኖር ነጋዴው፥ መምህሩ፥ ፖሊሱና ተማሪው ባንድ ሜዳ ዳር ይቆማሉ። ዐሥራ አንዱ ልጆች ወደ ደብረ ታቦር ወርደው ሲጫወቱ የሚሸከሙት የወረዳቸውን ስም ነው። ከነዚህ ልጆች አንዱ ዳኛ በጥፊ ቢመታ የሚባለው «እገሌ መታ» አይደለም፤ «የእገሌ ወረዳ ልጆች ዳኛ ደበደቡ» ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ያ ወጣት ከዚያ አገር ወጥቶ ዓለም የሚያይበት በር ጥቂት ነው። በሩ በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ ባንድ መስመር ሊዘጋ ይችላል።

የአንድ ሰው ስሕተት ስንት ሰው እንደሚያስከፍል ለማስረዳት አንድ የታወቀ ምሳሌ ላምጣ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ተጋጠመ። በመጀመሪያው አጋማሽ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው ግቡን ትቶ በመውጣት በአጥቂው ላይ በፈጸመው ጥፋት በቀይ ካርድ ወጣ። ጀማል አስቸጋሪ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም፤ የቅጽበት ነገር ነው። ዐሥሩ ተጫዋቾች ግን ያንን ጨዋታ እንደ ምንም በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ1 አወጡት፤ በሚቀጥለው ጨዋታ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ0 ተሸነፉ። አንዲት ቅጽበት ይህን ያህል ካስከፈለች፥ በየሳምንቱ የሚናደድ ሰው ምን ያህል እንደሚያስከፍል መገመት አያዳግትም።

የሚያስደንቀው ግን ልክ ከ51 ዓመት በፊት በዚያው ዕለት፥ ማለትም ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፥ በአዲስ አበባ የተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። በይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው ቡድናችን በግብፆች ሁለት ጊዜ ተመራ፤ ሁለት ጊዜም አቻ ሆነ። ሁለተኛው አቻ የሆነበት ግብ የተገኘው መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ሲሆን፥ ያገባው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨምረው 4 ለ2 አሸነፉ። ሁለት ጊዜ እየተመራ ያልተደናገጠ ቡድን ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ለመንግሥት ሠራተኛ አንባቢዬ የምትሆን ትንሽ ጣልቃ ነገር አለችኝ። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ1 ካሸነፍን በኋላ ሦስት ነጥብ ተቀማን። ምክንያቱም ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ የማይገባው ሆኖ ሳለ መሰለፉ ነው። ጥፋቱ በሜዳ የተሠራ ሳይሆን በወረቀት የተሠራ ነው፤ ካርዱን ቆጥሮ መዝግቦ መያዝ የጸሓፊዎች ሥራ ነበርና። ቁጡ ተጫዋች የሚቀበል ቡድን ትጉህ ጸሓፊም ያስፈልገዋል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። «አንቀበለው» የሚሉት የኮሚቴ አባላት የሚያቀርቡት ማስረጃ ጠንካራ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈውን ያስታውሱ እንደሆነ፥ በሬው ከዚህ በፊት ተዋጊ መሆኑ ካልታወቀ ባለቤቱ ነጻ ነው፤ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን ዕዳው በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ጠባዩን እያወቀ የተቀበለ ቡድንም በኋላ «አላወቅሁም ነበር» ሊል አይችልም።

ይሁን እንጂ የጋይንት ገበሬ ብርቱ ወይፈን አስቸጋሪ ስለሆነ ብቻ ዐርዶ አይበላውም። ያረሰና የሰከነ በሬ ፈልጎ ከርሱ ጋር ይጠምደዋል። ወይፈኑ ሊዘል ቢሞክር ቀንበሩ ይይዘዋል፤ ሊቆም ቢፈልግ ጓደኛው እየጎተተ ይወስደዋል። ይህን የሚያደርገውም እርሻው በደረሰበት፥ ዘር በሚዘራበት ቀን አይደለም፤ አስቀድሞ ጊዜ ሲኖረው ነው። በዚያው አገር በቤተልሔም ድጓ፥ በዙር አምባም ዝማሬና መዋሥዕት ይመሰከራል። እንዲህ ባለው የአብነት ትምህርት ቤት ድምፁ ያማረ ግን እልከኛ የሆነ ደቀ መዝሙር ሲገጥማቸው፥ ብልኅ የኔታ ሁልጊዜ ጉባኤውን ዘግተው አያባርሩትም፤ ታናናሾቹን እንዲያስቀጽል ያዙታል። ለሌላው ማረም የጀመረ ሰው በራሱ ላይም ዐይኑን ይጥላል።

ይህ ዘዴ በባሕር ማዶም እንደሚሠራ የኤሪክ ካንቶና ታሪክ ያሳያል። ይህ ፈረንሳዊ በአገሩ ከአሠልጣኝ፥ ከዳኛና ከፌዴሬሽን ጋር ሲጣላ ኖሯል፤ ኳሱን በዳኛ ላይ ወርውሮ ተቀጥቷል። በኅዳር 1985 ዓ.ም. የማንቸስተር ዩናይትድ አሠልጣኝ አሌክስ ፈርጉሰን በ1.2 ሚሊዮን ፓውንድ ገዙት። በዚያው ዓመትም ቡድኑ ከ26 ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። እስከዚህ ድረስ ደስ የሚል ነው። ጥር 17 ቀን 1987 ዓ.ም. ግን ካንቶና በቀይ ካርድ ወጥቶ ሲሄድ የሰደበውን ተመልካች ዘሎ በእግሩ መታው። ወደ ስምንት ወር ያህል ከጨዋታ ታገደ፤ ፍርድ ቤቱም የ120 ሰዓት የኅብረተሰብ አገልግሎት ፈረደበት፤ ቅጣቱንም የፈጸመው ሕፃናትን ኳስ በማሠልጠን ነው። ያን ዓመት ቡድኑ ሻምፒዮንነቱን በአንድ ነጥብ ልዩነት አጣ። ፈርጉሰን ግን ካንቶና ተስፋ ቆርጦ ሊሄድ ባለ ጊዜ ፓሪስ ድረስ ሄደው መለሱት። በ1988 ዓ.ም. ሁለቱም ዋንጫዎች ተገኙ፤ በፍጻሜው ጨዋታ ሊቨርፑል ላይ ብቸኛዋን ግብ ያገባው ካንቶና ነበር። ቀጥሎም አምበል አደረጉት። እነ ቤካምና እነ ስኮልስ ያን ጊዜ ለጋ ወጣቶች ነበሩ።

እንግዲህ ሂሳቡን ያስሉት፤ አንድ ሻምፒዮንነት ጠፍቷል፥ ብዙ ተገኝቷል። ይህ ሂሳብ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። በ2006 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን ልብ ይበሉ። ሉዊስ ስዋሬዝ ሰኔ 17 ቀን በዓለም ዋንጫ ላይ የጣሊያኑን ኪየሊኒን ነከሰ፤ በተጫዋችነት ዘመኑ ሰው ሲነክስ ይህ ሦስተኛው ነበር። ለአራት ወራት ታገደ። ባርሴሎና ግን እግዱ ሳያልቅ ከሊቨርፑል ገዛው፤ በማግሥቱ ዓመት ሦስት ታላላቅ ዋንጫዎችን አገኘ፤ ስዋሬዝም በባርሴሎና በቆየበት ዘመን በመንከስ አልተቀጣም። ሊቨርፑል ደግሞ በዚያው ክረምት ሌላ በአስቸጋሪነት የታወቀ አጥቂ፥ ማሪዮ ባሎቴሊን፥ በ16 ሚሊዮን ፓውንድ አመጣ። ባሎቴሊ በሊግ 16 ጊዜ ተሰልፎ ያገባው አንዲት ግብ ብቻ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ስዋሬዝ ቁጣው ከጨዋታው ጋር ያለ፥ ልምምድ የማይጠላ ሰው ነበር፤ የገባውም ታላላቆቹ ከርሱ በሚበልጡበት ቤት ነው። ባሎቴሊን ግን አሠልጣኙ ራሳቸው ከጥቂት ጊዜ በፊት «አይመጣም» ብለው በይፋ ተናግረው ነበር። ሳያምኑበት የተቀበሉት ሰው እንዴት ይከናወንለታል?

ስለ ማመን ካነሣን ደብረ ታቦርን ሳናነሣ አንለፍ። የራስ ዓሊ ቤት የቋራውን ደጃዝማች ካሣን ጀግንነታቸውንም ዐመፀኛነታቸውንም ያውቅ ነበር። በሹመትና በጋብቻ ሊያስራቸው አስቦ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳረላቸው። ነገር ግን ቤተ ሰቡ እየተቀበላቸው ይንቃቸው ነበር። እንደሚተረከው ካሣ በቆሰሉ ጊዜ ለሕክምናው የሚሆን ሰንጋ ቢጠይቁ እቴጌ መነን የሥጋ ብልት ብቻ ላኩላቸው። ትረካው በዝርዝሩ እንዳለ ይሁን እንጂ፥ ፍጻሜው የታወቀ ነው፤ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ፥ በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ድል አድርገው፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ኳስን ከመንግሥት ጋር ማወዳደሬ እንዳያስቅብኝ እንጂ፥ ደመወዙን በወቅቱ ሳይከፍሉ፥ ጫማ ሳይገዙ፥ «አስቸጋሪ ነው» እያሉ በየዕለቱ የሚያዋርዱትን ሰው መቀበል አለመቀበል ነው።

እኔም በዚህ ነገር እጄ ንጹሕ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ቡድን ውስጥ ኮሚቴ ነበርሁ። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ በደስታ ተቀበልነው። በሁለት ጨዋታ አራት ግብ አገባ፤ እኛም ጨበጨብን። እርሱን ለማሰለፍ ያወጣነው ልጅ ግን ዓመት ሙሉ መረብ ተሸክሞ የሚመጣ፥ ከልምምድ አንድ ቀን እንኳ ያልቀረ ነበር። አንድም ነገር አልተናገረም፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቀረ። በዚያው ቀን ባለ ግቡ ሰው ዳኛውን ገፍቶ ከሜዳ ተባረረ። በዐሥር ሰው ተጫውተን ተሸነፍን። ወደዚያ ልጅ ቤት ሄጄ «ተመለስ» ብለው ሻይ ጋበዘኝ እንጂ አልተመለሰም። ሽንፈቱን ረስቼዋለሁ፤ ሻዩን ግን አልረሳሁትም።

ስለዚህ ለወዳጄ የሰጠሁት ምክር እንዲህ ነው። ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ብቻ የቀረው ከሆነ አትቀበሉት፤ ለመግራት ጊዜ የላችሁም፤ ግቡን እንጂ እርሱን አልፈለጋችሁትም ማለት ነው። የልምምዱ ዘመን ገና ከሆነ ግን ተቀበሉት። ሲገባ እንደማንኛውም ሥራ ፈላጊ ተያዥ ይጥራ፤ ተያዡም ገንዘብ ያለው ነጋዴ ሳይሆን ልጁ የሚያፍረው ሰው፥ አጎቱ ወይም የቀድሞ መምህሩ ይሁን። የሚቀጣበት ደንብ ሌሎቹ የሚቀጡበት ደንብ ይሁን፤ ለርሱ የጠበቀ ወይም የላላ ሌላ ደንብ አይጻፍ። ልምምድ ከቀረ፥ ቢያሻው ዐምስት ግብ ያገባ፥ ቅዳሜ አይሰለፍ፤ ይህንም ለመጀመሪያ ጊዜ በከባድ ጨዋታ ላይ ለመፈጸም ኮሚቴው ልብ ከሌለው ከአሁኑ ይተወው። በሜዳ ከሰከነው ተጫዋች አጠገብ ይቁም፤ ሕፃናቱንም በሳምንት አንድ ቀን እንዲያሠለጥን ስጡት። ከሁሉ በፊት ግን ቦታውን የሚለቅለትን ልጅ ጠርታችሁ አነጋግሩት፤ ስሙንም በቃለ ጉባኤው ላይ ከአዲሱ ተጫዋች ስም ጎን ጻፉት።

ይህንኑ በወረቀት አስፍሬ ልኬለታለሁ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በመጪው ቅዳሜ፥ ከጨዋታው በኋላ ነው።