ጋሻ፦ ከጦር ሜዳ እስከ ሙዚየም

ጋሻ ተዋጊ በግራ እጁ ይዞ የጦር ውርወራና የጎራዴ ምት ይመክትበት የነበረ ክብ የቆዳ መከላከያ ነው። ቀኝ እጁ ጦሩን ወይም ጎራዴውን ይይዝ ነበር። የኢትዮጵያ ደጋ ጋሻ መሃሉ ወደ ፊት ያበጠ፣ ጠርዙ ወደ ውጭ መለስ ያለ ነው። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሜትር ገደማ በመሆኑ እግረኛም ፈረሰኛም ያለ ችግር ይይዘው ነበር።

የሚሠራው ከወፍራም ቆዳ ሲሆን የጎሽ፣ የጉማሬ ወይም የአውራሪስ ቆዳ ይመረጥ ነበር፤ እነዚህ በማይገኙበት የበሬ ቆዳም ያገለግል ነበር። ቆዳው እርጥብ ሳለ ቅርጽ ይይዛል፤ በእምብርቱ ዙሪያ የሚታዩት ክብ ክብ እርከኖችም የሚወጡት ያኔ ነው። ሲደርቅ እንደ እንጨት ይጠጥራል። እርከኖቹ ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ቆዳውን ያጠነክሩታል። ጋሻው ተንሸራታች ምትን በክብነቱ ወደ ጎን ያስታል። ሾተል የተባለው ጎራዴ እንደ ማጭድ የተቆለመመውም ጫፉ የጋሻውን ጠርዝ አልፎ ከጀርባው ያለውን ሰው እንዲያገኝ ነው።

ከኋላው በኩል የቆዳ መያዣ ይታያል። በሥራ ላይ የዋለን ጋሻ ለመለየት ይህን ጎን ማየት ይጠቅማል፤ መያዣው በእጅ ላብ ጠቁሮና ለስልሶ፣ ፊቱም ተቧጭሮ ይገኛል።

የተራ ወታደር ጋሻ ፊቱ ባዶ ቆዳ ነበር። የመኳንንት ጋሻ ግን ከፋይ ይለብስና በላዩ አንጥረኛ የሠራው የብር ወይም በወርቅ የተለበጠ ጌጥ ይመታበት ነበር፤ የአንበሳ ጎፈር የሚንጠለጠልበትም ነበር። እንዲህ ያለው ጋሻ ከንጉሥ የሚገኝ ሽልማት ስለነበረ የባለቤቱን ማዕረግ ገና ከሩቅ ይናገር ነበር። ጌታው ራሱ ሁልጊዜ አይሸከመውም ነበር፤ ጋሻ ጃግሬው ይዞለት ይከተል ነበር። ጋሻ የሚለው ቃል ለመሬት ስፍርም አገልግሏል፤ አንድ ጋሻ መሬት በአማካይ 40 ሄክታር ያህል ነበር፤ ለወታደርም በደመወዝ ፈንታ ይሰጥ ነበር።

ጠመንጃ ሲበዛ የጋሻ መከታነት እየቀነሰ ሄደ፤ የክብር ዕቃነቱ ግን ቆየ። እንዲያም ሆኖ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ከዘመቱት መካከል ጋሻና ጦር የያዙ ብዙ ነበሩ።

በውጭ አገር ሙዚየሞችና በግለሰቦች እጅ ካሉት የኢትዮጵያ ጋሻዎች ብዙ የሚወሱት ከመቅደላ የተወሰዱት ናቸው። መቅደላ በደቡብ ወሎ ዞን ያለች አምባ ናት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ በሮበርት ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር አምባዋን ያዘ፤ አጼ ቴዎድሮስም በዚያው ቀን ራሳቸውን ሠዉ። ወታደሮቹ የዘረፉት ዕቃ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ከገዢዎቹ አንዱ ለብሪቲሽ ሙዚየም ይገዛ የነበረው ሪቻርድ ሆምዝ ነው። ሌላው ዕቃ በወታደሮች ጓዝ ገብቶ በየቤቱ ለማስታወሻ ተሰቀለ።

ከዚያ ወዲህ የተመለሱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሼሄራዛድ የተባለ ድርጅት ዘውድ፣ መስቀሎች፣ የቀንድ ዋንጫዎችና አንድ የንጉሥ ጋሻ ገዝቶ ለኢትዮጵያ አስረክቧል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ ለጨረታ የቀረበ ጋሻ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ባቀረበው ጥያቄ ከሽያጭ ተነሳ። በዚህ ጋሻ ላይ የመቅደላ ስምና አምባዋ የተያዘችበት ቀን በእንግሊዝኛ ተቀርጾበታል። ጽሑፉን ያስቀረጸው የወሰደው ወገን ለድሉ መታሰቢያ ነው፤ ዛሬ ግን ዕቃው ከየትና መቼ እንደተወሰደ የሚመሰክር ማስረጃ ሆኗል።

ጋሻን በሙዚየም ማቆየት ጥንቃቄ ይጠይቃል። አየሩ ከመጠን በላይ ሲደርቅ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ይሻግታል፤ ቆዳ በል ነፍሳትም ይበሉታል። ብርሃን ከፋዩን ያደበዝዘዋል፤ ብሩም ይጠቁራል። ስለዚህ የአየሩ እርጥበት ሳይዋዥቅ፣ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ፣ ጋሻው በመያዣው ሳይንጠለጠል ከሥሩ ተደግፎ ይቀመጣል።