መንደራችሁ ምን ምን ነበረው?

ስለ አንድ ትንሽ መንደር ሲነገር ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ መቼ ተመሠረተ? ምን አገልግሎት አለው? ምን የሚታይ ነገር አለው? እኔ በምኖርባት በቂርያት ጋት ዙሪያ መልሱ ቀላል ነው። የላኺሽ አካባቢ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በባለሙያዎች ታቅዶ የተሠራ ነው። ጥቂት ሞሻቮች በአንድ የገጠር ማእከል ዙሪያ ይሰፍራሉ፤ ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩና ሱቁ ማእከሉ ውስጥ ይሆናሉ። ከማእከሎቹ አንዱ ነሆራ ነው። ለትልልቁ ጉዳይ ደግሞ ከተማዋ ቂርያት ጋት አለች። ሁሉም ካርታ ላይ ይገኛል።

የአያቶቻችን መንደሮችስ? ወገራ ተወልዳ ያደገችውን አያቴን ወረቀትና እርሳስ ሰጥቼ መንደሯን እንድታሳየኝ ለመንኳት። መጀመሪያ የሳለችው ቤቷን አልነበረም። "ወንዙ ከሌለ ምን መንደር አለ ልጄ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። የቤተ እስራኤል የመንጻት ሥርዓት በውሃ መታጠብን ስለሚጠይቅ መንደሩ ከወንዝ መራቅ አይችልም ነበር። ከመኖሪያ ቤቶቹ ራቅ ብሎ የመርገም ጎጆ ይሠራል። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ እዚያ ትቆያለች፤ ዙሪያው በድንጋይ የታጠረ ስለሆነ ምግብ የሚያቀብሏት ከድንጋዩ ወዲህ ሆነው ነው። የወለደችም ለብቻዋ ትቆያለች፤ የመንጻቷ ጊዜ ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ነው። ጸሎት ቤቱ መስጊድ ይባላል። ብዙዎቹ የራሳቸው ርስት ስላልነበራቸው የሰው መሬት እያረሱ በእጅ ሥራም ይተዳደሩ ነበር፤ ወንዶች ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶች ሸክላ ይሠራሉ። ክርስቲያን ጎረቤቶችም ማረሻና እንስራ ሊገዙ ይመጣሉ።

ዛሬ ቱሪስት የሚያውቀው ወለቃን ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ የታወቁት መምህር ዮና ቦጋለ የተወለዱባት መንደር ናት። ትንሽ ጸሎት ቤት አላት፤ መንገድ ዳር የሸክላ ምስል ይሸጥባታል። ቤተ እስራኤሎቹ ግን እዚያ የሉም፤ በ1980ዎቹና በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ጊዜ ወደ እስራኤል መጥተዋል።

ለጎብኚ የቀረው መንገድ ዳር ያለው ነው። የሣርና የጭቃ ጎጆ ሰው ሲለቀው ይፈርሳል፤ የድንጋዩም አጥር ይበተናል። ጎጆው የት እንደነበረ፣ ሴቶቹ ከወንዙ በየትኛው በኩል ይታጠቡ እንደነበር የሚያውቁት እዚህ ቂርያት ጋት ቁፓት ሖሊም ወረፋ ይዘው የምናያቸው እናቶች ናቸው። እኛ ልጆቻቸው ግን "መቼ መጣችሁ? በሱዳን ነው ወይስ በአዲስ አበባ?" ብለን እናቆማለን።

እስቲ በዚህ ሰንበት አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ መንደራችሁ ምን ምን ነበረው? ወረቀትም አቅርቡላቸው። የአያቴ ካርታ ገና አላለቀም፤ የጎረቤቶቿን ቤት በስም እየቆጠረች እያስጻፈችኝ ነው።