ቲማቲም አምራቹ ማንን ይጠይቅ?

ከመቂ እስከ ባቱ በተዘረጋው የመስኖ መሬት የዓመቱ ትልቁ ውሳኔ የሚወሰነው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ዝናቡ ማባራት ሲጀምር ቦይ ይጠረጋል፣ የውሃ ሞተር ይጠገናል፣ አከራይና ተከራይ በመሬቱ ይስማማሉ፣ ዘር ይገዛል። በቀጣዮቹ አራትና አምስት ወራት የሚመጣው ትርፍም ኪሳራም አብዛኛው ከእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ይነሳል። ቲማቲም ተካይ ከተሳሳተ ምርቱ ብቻ አይደለም የሚጎድልበት፤ ለዘር፣ ለናፍጣ፣ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት ያወጣው ገንዘብም አብሮ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ገንዘቡ የብድር ነው። ታዲያ ይህ ሰው ግራ ሲገባው ማንን ነው የሚጠይቀው?

መድኃኒት ሻጩን ነው። የታመመ ቅጠል ይዞ ወደ ሱቅ ይገባል፤ ሻጩ ቅጠሉን ገልበጥ አድርጎ ያይና ከመደርደሪያው ጠርሙስ ያወርድለታል። ሻጩ ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው፤ ነገር ግን ገበሬው በቸኮለበት ሰዓት በሩን ከፍቶ የሚጠብቀው እሱ ነው። ችግሩ ምክሩ ከሽያጩ ጋር መያያዙ ነው። እንጀራው ጠርሙስ በመሸጥ የሆነ ሰው «ዘንድሮ አትርጭ» ብሎ እንዲመክር መጠበቅ አይቻልም።

የመንግሥት የግብርና ኤክስቴንሽን በየቀበሌው የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ እንዲኖር፣ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከልም እንዲሠራ አድርጓል። ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ትኩረቱ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ላይ ነው የቆየው። የሰብል ባለሙያው አንድ ሰው ሆኖ ከጤፍ ዘር መጠን እስከ ሽንኩርት በሽታ ድረስ ያለውን ሁሉ እንዲያውቅ ይጠበቅበታል።

እውቀቱ ግን አገር ውስጥ አለ። ከአዳማ ወጣ ብሎ የሚገኘው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የአትክልት ምርምርን በአገር ደረጃ ሲያስተባብር ኖሯል። ገበሬው በስማቸው የሚጠራቸው ቦምቤ ቀይና አዳማ ቀይ ሽንኩርቶች፣ መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ቲማቲሞች ከምርምር ወጥተው ማሳ የገቡ ናቸው። የጎደለው ከዝርያው ጋር አብሮ መሄድ የነበረበት የአሠራር ትምህርት ነው፤ ይህ ጉድለት ከሁሉም በላይ የሚታየው ችግኝ መደብ ላይ ነው።

መደቡን ቀረብ ብለን እንየው። ስፋቱ አንድ ሜትር ያህል፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ውሃ የማያቁር መሆን አለበት። ዘሩ በመስመር፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ በስሱ ይዘራና በደረቅ ሣር ይሸፈናል። ብቅ ሲል ሣሩ ወዲያው ይነሳል። በዚህ ደረጃ የብዙዎች ጥፋት አንድ ዓይነት ነው፤ ዘሩን አፍገው ይዘሩና ውሃ ያበዙበታል። ያኔ የችግኙ አንገት አፈሩ ዘንድ ይቀጥንና ይወድቃል፤ በሁለት ቀን ግማሹ መደብ ባዶ ይሆናል። ባለቤቱ ወደ መድኃኒት ቤት ይሮጣል፤ መፍትሔው ግን ማሳሳትና ውሃ መቀነስ ነበር። ከመተከሉ በፊት ባለው ሳምንት ደግሞ ውሃውን እየቀነሱ ችግኙን ፀሐይ ማላመድ ያስፈልጋል። ቲማቲም በአንድ ወር ገደማ፣ ሽንኩርት ከ45 እስከ 55 ቀን ባለው ጊዜ ለተከላ ይደርሳል። በተቀማጠለ መደብ ያደገ ችግኝ ማሳ ሲገባ ይጠወልጋል፤ ዕድሜው ያለፈበትም ሥር ለመስደድ ይቸገራል።

ትምህርቱ ለመደቡ ብቻ ሳይሆን ለተባዩም ያስፈልጋል። ቲማቲምን የምታጠቃው ቱታ አብሶሉታ የተባለችው የእሳት እራት ከደቡብ አሜሪካ ተነስታ በ2006 እ.ኤ.አ. ስፔን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያ ገባች። ትሏ በቅጠሉ ሁለት ገጾች መካከል ቦርቡራ ስለምትኖር ርጭቱ በቀላሉ አያገኛትም። ዓመቱን ሙሉ ትራባለች፤ በአንድ ዓይነት መድኃኒት ደጋግሞ መርጨትም ያላምዳታል። በጭንቀት ሁለትና ሦስት ዓይነት በአንድ ታንክ ደባልቆ መርጨት በአካባቢው የታወቀ ልማድ ነው። ጉዳቱ ከረጪው ሳንባ ይጀምራል። መከላከያው ደግሞ የዝግጅት ሥራ ነው፦ ችግኙን በጥቅጥቅ መረብ ውስጥ ማፍላት፣ ያለፈውን ቲማቲም ግንድ ነቅሎ ማስወገድ፣ ቲማቲም በነበረበት መሬት ላይ ድንች ሳይሆን ሽንኩርት ወይም በቆሎ ማፈራረቅ። አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርገው የጎረቤቱ ማሳ ያስበላዋል። ስለዚህ ትምህርቱ ለአንድ ገበሬ ሳይሆን ለአንድ ቦይ ተጠቃሚዎች በሙሉ መሰጠት አለበት።

ገበያውም ትምህርት ይፈልጋል። ሁሉም በአንድ ሳምንት ተክሎ በአንድ ሳምንት ሲለቅም ዋጋ የሚቆርጠው ደላላው ይሆናል። በጃፓን ትብብር በ2006 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ የተጀመረና በኋላም ወደ ኦሮሚያና አማራ ክልሎች የመጣ አንድ አሠራር ነገሩን ከሥሩ ይይዘዋል፤ ገበሬዎቹ ራሳቸው ገበያ ወርደው ምን፣ መቼ፣ በምን ጥራት እንደሚፈለግ ይጠይቃሉ፤ የሚዘሩትን የሚመርጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሽንኩርትን ብንወስድ፣ ቦምቤ ቀይ ለፋሲካ ገበያ በመጋቢት መጨረሻ እንዲነቀል ከተፈለገ ማሳ ላይ መቶ ቀን፣ መደብ ላይ ሃምሳ ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ዘሩ ጥቅምት መጨረሻ ላይ መሬት መንካት አለበት። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ የሠራ ገበሬ ከደላላው ጋር ሲነጋገር አንገቱን አይደፋም።

በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 8028 የስልክ መስመር ለገበሬው የግብርና ምክር በነፃ ያሰማል፤ ማንበብ ለማይችለው ትልቅ እገዛ ነው። የተቀረጸ ድምፅ ግን ቅጠል አገላብጦ አያይም። ስለዚህ ጥያቄዬ ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ነው። በነሐሴ መጨረሻ በየማሠልጠኛ ማዕከሉ ሁለት የቲማቲም መደቦች ጎን ለጎን ይፍሉ፤ አንዱ ሳስቶ የተዘራና በመረብ የተሸፈነ፣ ሌላው እንደ ተለመደው። ገበሬው በየሳምንቱ እየመጣ ራሱ ያወዳድር። ወጪው ጥቂት ግራም ዘር፣ ጥቂት ሜትር መረብና በሰዓቱ የሚገኝ አንድ ባለሙያ ነው።